የሙሽሪት ሁለተኛ ዓይን

ሽፈራው ከድንኳኑ ደጃፍ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ዓይናማዋ! ዓይናማዋ ጥሩወርቅ! እንግዲህ ማንን እንይ!» እያለ ሲገባ፣ ማርታ የያዘችውን የንፍሮ ትሪ ራሱ ላይ ልትደፋበት ምንም አልቀራትም።

አልደፋችበትም። ከመርሳ በላይ ባለችው በዚህች መንደር ለቅሶ ደራሽ ላይ ንፍሮ አይደፋም፤ ያውም ለቅሶ ደራሹ የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር ሆኖ። ትሪውን ለአንዲት ጎረቤት አቀበለች፤ እጆቿን ነጠላዋ ሥር ከትታ ሰውየው እስኪጨርስ ጠበቀች። ሽፈራው ደረቱን ሦስት ጊዜ መታ፣ አፍንጫውን ሁለት ጊዜ ጠረገ፤ ከዚያ ከአባቷ ከመሪጌታ ይታገሱ አጠገብ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብሎ የማሽላው አጨዳ የት እንደደረሰ ይጠይቅ ጀመር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ሽፈራው ግን አንዲት ጠብታ ለማውጣት ዓይኑን በመሐረብ እስኪቀላ ማሸት ነበረበት።

እናቷ ከተቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። ሦስት ቀን ሆዴን ብላ በአራተኛው ሄደች። ማርታ ከወልድያ ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ከመርሳ በባጃጅ ወንዙ ድረስ፣ ከወንዙ በእግሯ ስትደርስ ሬሳው ታጥቦ ነበር። እስካሁን በወጉ አላለቀሰችም። እንባው በመጣ ቁጥር ቁጣው ይቀድመዋል፤ ድንኳኑ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ ደግሞ ለቁጣዋ ማገዶ ይዞ የሚመጣ ይመስላታል።

«ዓይናማዋ» አለ ይኼ ሰውዬ። «አንድ ዓይና» ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ራሱ ነው።

የነገሩን ሥር የማያውቅ ሰው ጥሩወርቅ አንድ ዓይኗ የጠፋ ሴት ትመስለው ይሆናል። ሁለቱም ዓይኖቿ ደህና ነበሩ፤ ስልሳ ሊሞላት ጥቂት ሲቀራትም ያለ መነጽር ክር በመርፌ ትሰካ ነበር። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት ይባላል። የእሷ ስም ግን ከቤት ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያን ወጣ፤ ሰበቡም አንድ ሥዕል ነው።

ማርታ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ቀለም ሊገዙ ወልድያ ወርደው፣ ባለ ሱቁ ቀለሙን በአንድ ያረጀ የቀን መቁጠሪያ ገጽ ጠቅልሎ ሰጣቸው። መንገድ ሊሠራ መጥቶ የነበረ ፈረንጅ ተከራይቶት ከነበረው ቤት ግድግዳ ላይ የቀረ ነው። መሪጌታ ቤት ገብተው ጥቅሉን ሲፈቱ ቀለሙን ረሱትና ወረቀቱን ያዙ። ከጥንት በዘይት ቀለም የተሣለ የቃና ዘገሊላ ሠርግ ነበር። ድንጋይ ጋኖቹ አሉ፣ ውኃ የሚቀዳው አገልጋይ አለ፣ ጌታና እመቤታችን አሉ፣ ሙሽሮቹ አሉ። ግን ሠርጉ የሚደረገው ጨለማ ውስጥ ነው። ብርሃን የሚገባው ከአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ግማሽ ፊት ያበራና ግማሹን ለጨለማው ይተዋል። ሰዎቹም እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ተሰልፈው የሚያያቸውን ሰው አያዩም። እርስ በርሳቸው ነው የሚተያዩት፤ አንዱ ወደ አንዱ ዞሯል።

«ጥሩዬ፣ ነይ እዪ። ይኼ ሰው ጨለማን ቀለም አድርጎታል» አሉ መሪጌታ።

«ታዲያ ለሠርግ ኩራዝ አጡ እንዴ?» አለች ጥሩወርቅ።

ማርታ ይህን ታስታውሳለች፤ አባቷ እንደዚያ ሲስቁ ከዚያ ወዲህ አላየችም።

እሳቸውም ለቤተ ክርስቲያኑ የቃናን ሠርግ በዚያው ዓይነት ብርሃን ሦስት ወር ሣሉ። ጓሮ ባለው ዳስ ውስጥ፣ ሁለት ክንድ በሦስት በሆነ እንጨት ላይ አቡጀዲ ወጥረው። የሙሽራውን የዶኪማስን ፊት የራሳቸውን አደረጉት፤ መስታወት ከዳሱ ምሰሶ ላይ አንጠልጥለው እያዩ። ለሙሽሪት ጥሩወርቅ ጠዋት ጠዋት የቤቷን ሥራ ጨርሳ፣ የራሷን የሠርግ ቀሚስ ለብሳ ባለ ሦስት እግር ዱካ ላይ ትቀመጥላቸዋለች። «የት ልይ?» ትላቸዋለች። «የወደድሽበት» ይሏታል። እሷ እሳቸውን ታይ ነበር። በሥዕሉ ላይ ከሙሽራው ጎን ስለተቀመጠች፣ እሱን ለማየት ፊቷን ሙሉ በሙሉ ማዞር ነበረባት። በጎን ሣሏት። አንድ ጉንጭ፣ አንድ ዓይን።

በቤተ ክርስቲያን አሣሣል ደግሞ ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። በጎን በአንድ ዓይን የሚሣሉት ይሁዳ፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮች፣ ሰይጣንና ጭፍሮቹ ናቸው። ይህን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። መሪጌታም ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ይሁዳን በአንድ ዓይን ሲሥሉ የኖሩ ሰው ነበሩ። ያን ጊዜ ግን ሕጉን እንደዋዛ ረሱት።

የጥር አሥራ ሁለት ቀን፣ ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶ ሳለ የሥዕሉ መጋረጃ ተገለጠ። ያኔ ሽፈራው የደብሩ ጸሐፊ ነበር፤ ወጣት፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ለጨዋታ የማይሰንፍ። ወደ ሥዕሉ ቀረብ አለና፣ «መሪጌታ፣ ሙሽሪት ከነይሁዳ ወገን ናት እንዴ?» አለ። ሰው ሳቀ። ጥሩወርቅም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነበር።

በሳምንቱ የሚስቅ አልነበረም። እሷ «እንዴት ያምራል» ያለችው የጎረቤት ሕፃን ትኩሳት ያዘው። ሕፃኑ ዳነ፤ ወሬው ግን አልዳነም። «ባሏ እኮ ቢያውቅ ነው በአንድ ዓይን የሣላት» ተባለ። ሽፈራው «አንድ ዓይና» አላት፤ ዓይኗ ይወጋል ተባለ። ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ መሪጌታን፣ «ወይ ሁለተኛ ዓይን ይጨምሩ፣ ወይ ይውረድ» አላቸው። «ሥዕሉ አልቋል» አሉ መሪጌታ። ሥዕሉ ወረደ፤ ዕቃ ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ዞረ። መሪጌታም ዝም እንዳሉ ሠላሳ ሁለት ዓመት አለፈ። ዝም አይነቅዝም የምትል ተረት ይወዳሉ። ነቅዟል። ማርታን ቢጠይቋት ቤቱ ሁሉ እስኪሸት ድረስ ነቅዟል።

ከቀትር በኋላ ሽፈራው መሪጌታን ከድንኳኑ ጀርባ ጠራቸው። ማርታ ማንም ሳይጠራት ተከተለች። ሰውየው መጀመሪያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መሪጌታ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ቄሰ ገበዙ ሲቆጥሩት፣ የነፍስ ኄር ጥሩወርቅ አርባዋ የሚውለው ቃና ዘገሊላ ላይ ነው። አዲሱ ሕንፃም በዚያው ቀን ይመረቃል። ከዞንም ከሀገረ ስብከትም እንግዳ አለ። ያ ሥዕል በጦርነቱ ጊዜ ከዕቃ ቤት ወጥቶ እዚህ እናንተ ዘንድ እንዳለ እናውቃለን። ንብረቱ የደብሩ ነው፤ ግን አንድም ቀን አልጠየቅንም።»

«ታዲያ?» አለች ማርታ።

«ታዲያማ እንሰቅለዋለን ልጄ። ለእናትሽም መታሰቢያ ይሆናል። ያው ያችን ነገር ብቻ…» በጣቱ የራሱን ዓይን ነካ። «አንዲት ዓይን ናት። ለመሪጌታ እጅ የአንድ ሰዓት ሥራ።»

መሪጌታ መሬት መሬት አዩ። ማርታ አባቷ አንድ ነገር እንዲሉ ጠበቀች፤ እንዲቆጡ፣ ዱላቸውን እንዲያነሡ፣ ቢያንስ «ውጣ ከግቢዬ» እንዲሉ። ሽፈራው ዝምታውን እሺታ አድርጎ ወስዶ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ።

ማርታን የገረማት የራሷ አፍ ነው።

«ይጨምሩላት» አለች።

መሪጌታ ቀና አሉ። «አንቺም?»

«እኔም። ለሽፈራው ብዬ አይደለም። ለሷ ነው። አንዲት ዓይን እኮ ናት አባባ። ያን ጊዜ አንድ ሰዓት ቁጭ ብለው ቢጨምሩላት ኖሮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጓዳ ለጓዳ አትደበቅም ነበር። በአንድ ብሩሽ ነፃ ሊያወጧት ሲችሉ ዝም አሉ። ሥዕሉ አልቋል አሉ። እሷስ? እሷ አላለቀችም?»

«ሁለተኛ ዓይን ከጨመርኩ ፊቷን ማዞር አለብኝ» አሉ መሪጌታ በቀስታ።

«ያዙሩታ።»

«ከዞረች ወደ ሰው ነው የምታየው። እኔን አታይም።»

መልሱ ለማርታ እስኪገባት ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ሲገባት ግን ከሽፈራው የባሰ አናደዳት። አባቷ ለጥበብ ብለው፣ ለክብር ብለው፣ ለእልህ ብለው እምቢ ያሉ ይመስላት ነበር። ለካስ ሚስታቸው እንድታያቸው ነው። አገር በጥርጣሬ የሚያያት ሴት እሳቸውን ማየቷ እንዳይቀር ነው።

«ምን ዓይነት ፍቅር ነው ይኼ?» አለች። «ለራስዎ ነው የሣሏት።»

መሪጌታ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ድንኳኑ ሄዱ። የሄዱበት እርጋታ ራሱ አናደዳት። ቤት ገብታ፣ ሰው የሌለበት ጥግ ፈልጋ፣ ግድግዳውን በጡጫዋ መታችው። ጭቃው ፍርፍር አለ፤ እናቷ በመስከረም የለቀለቀችው ግድግዳ ነው።

ጥሩወርቅ ለሰው ሠርግ ዱቄት ታቦካለች፣ ጠላ ትጠምቃለች፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ትውላለች። እጇን ማንም አይጠላውም። ሙሽራ ሊወጣ ሲል ግን አንዷ ብቅ ትልና፣ «ጥሩዬ፣ እስቲ ጓዳውን እይልን» ትላታለች። በጨዋ ደንብ ነው፤ እየሳቁ ነው። እሷም «እሺ» ትላለች። የመንደሩን ልጆች ሁሉ ደግሳ ድራ፣ አንዲት ሙሽራ ከቤት ስትወጣ አላየችም። ቤት ስትመለስ «እንዴት ነበረች ሙሽሪት?» ብላ ማርታን ትጠይቃታለች። ማርታም ልጅ ሆና የቀሚሱን ጥልፍ ሳይቀር ትነግራታለች። በኋላ ግን «ደህና ናት» ብቻ ማለት ጀመረች፤ ጥያቄው ያሳፍራት ነበር።

የማርታም ሠርግ ደረሰ። ወልድያ፣ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት። ማርታ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ የፎቶ ኮፒ ሱቅ ከፍታ የቆመች ሰው ነበረች፤ ባሏ ጌትነት ደግሞ መምህር ነው። ማለዳ የጌትነት አክስት እትዬ ብዙነሽ ወደ ጎን ጠራቻት። «ልጄ፣ ክፉ አይምሰልሽ፤ እኔ በበኩሌ አላምንበትም» አለች፤ እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ሁሉ ያምንበታል። «ግን ከዚያ የመጡ ዘመዶች ሲያወሩ ሰማሁ። ሽማግሌው ሲመርቅ፣ ሙሽራ ጉልበት ስትስም፣ እናትሽ ትንሽ ገለል ቢሉስ?»

ማርታ ልትቆጣ ትችል ነበር። ልትስቅም ትችል ነበር። ጓዳ ገብታ፣ «እማዬ፣ ወጡን አንቺ ብታዪልኝ ይሻላል፤ ሌሎቹን አላምናቸውም» አለቻት። ጥሩወርቅ አዲስ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ነበር። ልጇን አየቻት። ወዲያው አወቀች። የእንጨት ማማሰያውን አነሣችና፣ «እሺ የኔ እናት» አለች።

ማርታ የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ የአጎቷን ጉልበት ሳመች፤ የእናቷን ጉልበት ሳትስም ከቤት ወጣች። በፎቶዎቹ አልበም ውስጥ እናቷ የለችም። አንድም ገጽ ላይ። ያን አልበም ከአሥር ዓመት ወዲህ ከፍታው አታውቅም።

በሠልስቱ ዕለት ከወልድያ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሰው መጣ። እትዬ ብዙነሽም መጣች፤ ጥቁር ለብሳ፣ አልቅሳ፣ «ምን የመሰለች ባለሙያ» ብላ ተቀመጠች። የነቢያት ጾም ስለነበረ የቀረበው ሽሮና ንፍሮ ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት ሥጋ ሳይለየው ከአንድ ትሪ በላ። ማርታ ለማንም አልቀረበችም። ጓዳ ገብታ ቆመች። እናቷ ዕድሜዋን የጨረሰችበት ጓዳ ነው፤ እግሯ ወዴት እንደወሰዳት ስታውቅ ተመልሳ ልትወጣ ነበር።

እማ ሲቲ እዚያ ነበረች። ሲቲ ከአጥሩ ወዲያ የምትኖር የእናቷ ጓደኛ ናት፤ ማርታን በጀርባዋ ያዘለች፣ እናቷን በሰው ሁሉ ፊት «ጥሩ» ብላ ብቻ የምትጠራ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ዕቃ ታጥባለች፤ ለማንም ብዙ አታወራም።

«አንቺ ልጅ፣ ፊትሽ አስፈራኝ» አለች ሲቲ። «ሶብር አድርጊ፤ ታገሺ።»

«በማን ላይ ሶብር ላድርግ? በሽፈራው? በአባባ?»

«በራስሽም» አለች ሲቲ። ከዚያ ትኩር ብላ አየቻትና እጇን በሽርጧ አደረቀች። «ነይ ወዲህ።»

ከጎታው ጀርባ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ፣ በጥቁር ጅልባብ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር ቆሟል። ሲቲ በእጇ መታ አደረገችው።

«ያኔ በጦርነቱ ሰዉ ሁሉ ወደ ውርጌሳ ሲሸሽ፣ ቄሶቹ ታቦቱን አወጡ፣ ዲያቆናቱ መጽሐፉንና ጃንጥላውን አወጡ። ይኼን ማንም አላስታወሰውም። እናትሽ ‹ሲቲ፣ ባሌን ጥዬው አልሄድም› አለችኝ። ባልሽማ ይኸው ከፊታችን በቅሎ እየጎተተ ነው አልኳት። ሳቀች። ወላሂ ያን ቀን ሳቀች። የኔ ጅልባብ ነው ይኼ። ሁለት ሆነን ተሸክመን ገደሉ ዋሻ ውስጥ ደበቅነው፤ ስንመለስ እዚህ አመጣነው።»

«ትጠላው መስሎኝ ነበር» አለች ማርታ።

«ምን ብላ ትጠላዋለች? እናንተ ሰዎች ሰው ትሥላላችሁ፣ ከዚያ በሥዕሉ ትጣላላችሁ። እኛ ዘንድ የለም፤ ተገላገልን።» ሲቲ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሰው በሌለ ጊዜ ትገልጠው ነበር። እዚህ ዱካ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርቷን እየላጠች ሙሽራውን ትሰድበዋለች። ‹እይው ሲቲ፣ እይው ይኼን ሰው። እኔ እሱን፣ እሱ ሰውን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዞር ብሎ አላየኝም› ትላለች። ዓይኗን አልነበረም የምትለው፤ ያንቺ አባት እንዲያያት ነበር የምትፈልገው። ያረቢ፣ ይኼን ለሱ አንድ ቀን አልነገረችውም።»

ማርታ ጅልባቡን ከላይ ጀምራ አወረደችው።

ጥጉን አይጥ በልቶታል፤ ጨለማው ተሰነጣጥቋል። ብርሃኑ ግን አለ። እናቷ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ፊቷ ሁሉ፣ አንገቷ፣ ትከሻዋ፣ በሙሉ ወደ ሙሽራው ዞሯል፤ የሚያያት ሰው ይኑር አይኑር ግድ የላትም። ሙሽራው ግን ፊት ለፊት፣ በሁለት ትላልቅ ዓይኖቹ፣ ሥዕሉን የሚያየውን ሕዝብ ያያል። አባቷ መስታወት ሲያዩ ነው እንደዚያ የወጡት። እሷ ዱካ ላይ ተቀምጣ እሳቸውን ታያለች፤ እሳቸው ራሳቸውን ያያሉ።

«ያዢልኝ በዚያ ወገን» አለች ማርታ።

«ወዴት?»

«ወደ ድንኳን።»

ሁለቱ ሴቶች ሥዕሉን ተሸክመው ሲገቡ የድንኳኑ ወሬ ቀስ በቀስ ጠፋ። ማርታ ሥዕሉን ከመካከለኛው ምሰሶ አስደግፋ፣ ወደ ሰው አዞረችው። ሽፈራው ከተቀመጠበት ቀና አለ። እትዬ ብዙነሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ጌትነት ሚስቱን ሊያስቀምጣት ብድግ ብሎ፣ ፊቷን ሲያይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«አያ ሽፈራው» አለች ማርታ። ድምጿ አልጮኸም፤ ለዚህም ይመስላል ሰው ሁሉ የሰማት። «ትናንትና ዓይናማዋ ሲሉ ሰምቼዎታለሁ። ይኸውልዎት፣ ይቺ ናት። ከነይሁዳ ወገን ናት ያሉትም አንቱ ነዎት። ወይስ ረሱት?»

«ልጄ፣ የወጣትነት ጨዋታ…» አለ ሽፈራው።

«ጨዋታው ሠላሳ ሁለት ዓመት ፈጀ። እዚህ ካላችሁት ውስጥ እናቴን ከሙሽራ ፊት ያላስነሣ ማነው? እስቲ እጁን ያውጣ።» ማንም አላወጣም። «እትዬ ብዙነሽ፣ አንቺም አታውጪ። እኔም አላወጣም። እኔ በገዛ ሠርጌ ቀን ወጥ አማስይ ብዬ ጓዳ ከትቻት፣ ጉልበቷን ሳልስም ወጥቻለሁ። ከሁላችሁም እኔ እብሳለሁ።»

ይህን ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ተሰበረ። እንባው መጣ። በዚህ ጊዜ ቁጣው አልቀደመውም፤ አብረው መጡ። ሴቶቹ ሙሾ ሊያወጡ ሲሉ በእጇ ዝም አሰኘቻቸውና ወደ አባቷ ዞረች።

«አባባ፣ እማዬ ይኼን ሥዕል እያየች ምን ትል እንደነበር ያውቃሉ?»

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አያውቁም።

«እኔ እሱን፣ እሱ ሰውን። ሠላሳ ዓመት ዞር ብሎ አላየኝም። እንዲህ ነበር የምትለው።»

«ለማን አለች?»

«ለእማ ሲቲ።»

«ለእኔ አላለችኝም።»

«ለአንቱማ እንዴት ትበል? ሥዕሉ አልቋል ብለዋታላ።»

መሪጌታ ሥዕሉን አዩ። ለረጅም ጊዜ ነው ያዩት፤ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው ንፍሮ ማላመጡን አቆመ። መጀመሪያ ሙሽሪትን አዩ። ቀጥሎ ሙሽራውን፣ የራሳቸውን የጎልማሳነት ፊት፣ ያን የሚያምር ሰፊ ግንባርና ሰው ሰው የሚያዩ ዓይኖች። ዱላቸውን ፍራሹ ላይ አስቀመጡ። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ያልሰማውን ነገር ሲሰማ እንዴት እንደሚሆን ማርታ ያን ቀን አየች፤ ቁጣዋ ግን አልበረደም።

«ሣጥኔን አምጪልኝ» አሉ።

ለጥምቀት ገበያ ትንንሽ ሥዕል ስለሚሠሩ ቀለማቸው አይደርቅም። ማርታ ሣጥኑን አምጥታ ከፊታቸው አስቀመጠች። መሪጌታ ዱካ ላይ ተቀምጠው ጥቁሩንና ቡናማውን በዘይት አዋሃዱ።

ሽፈራው ተነፈሰ። «ተመስገን» አለ አጠገቡ ላለው ሰው። «እንዲህ በሰላም ማለቁ ነው ደጉ። ዓይኗን ሲጨርሱ እኛው ወስደን እናስቀምጠዋለን።»

ብሩሹ ወደ ሥዕሉ ሄደ። ሙሽሪትን አለፋት። ከሙሽራው ኋላ ካለው ጨለማ ጀመሩና ጨለማውን ወደ ፊት አመጡት፤ ጆሮውን ሸፈኑ፣ ጉንጩን ሸፈኑ። ከዚያ ከሙሽሪት በራቀው ዓይኑ ላይ ደረሱ። ዓይኑን ደፈኑት።

«መሪጌታ!» አለ ሽፈራው። «ተሳስተዋል፤ እሱ እኮ ሙሽራው ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ መሪጌታ ሳይዞሩ። «እኔ ነኝ።»

ደብሩን ሲያገለግሉ የኖሩት ሽማግሌ ራሳቸውን በገዛ እጃቸው በጎን፣ በአንድ ዓይን፣ ከነይሁዳ ወገን አድርገው ሲሥሉ ድንኳን ሙሉ ሰው አየ። ሽፈራው ዙሪያውን ተመለከተ፤ የሚያግዘው አልነበረም።

«አሁንማ ሁለት ሆኑ» አለ በመጨረሻ።

«አዎ» አሉ መሪጌታ። «ሁለት ናቸው። ብትፈልጉ ስቀሉት፤ ባትፈልጉ ተዉት።»

ፊቱ ገና አልዞረም ነበር። ግማሹ በጨለማ ተውጧል፤ አፍንጫው ግን እንደ ድሮው ፊት ለፊት ነው። አፍንጫውን ወደ ሙሽሪት መሳብ ነበረባቸው፤ አንዲት ቀጭን መስመር፣ ከግንባር እስከ ከንፈር። መሪጌታ ቀጭኑን ብሩሽ አንሥተው በደማቁ ቀለም ነከሩት። አንዴ ሞከሩና መለሱት። ሁለተኛ ሞከሩ፤ ጫፉ ሥዕሉ አጠገብ ሲደርስ ወዲያና ወዲህ አለ።

ማርታ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከኋላቸው መጥታ ተንበረከከችና የአባቷን ክርን በሁለት እጇ ከሥር ደግፋ ያዘች። ገና አልታረቀቻቸውም። «ቀስ ብለው» አለቻቸው፤ መስመሩም ከግንባሩ ጀምሮ ወደ እናቷ መውረድ ጀመረ።